ጭላዳ የሚመስለው፣ ጭላዳ ያልሆነው

በደቡብ ምሥራቅ ማዳጋስካር፣ ከቶላኛሮ ከተማ በስተምዕራብ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ አንድራሆማና የሚባል ዋሻ አለ። ጣሪያው በየቦታው ስለተደረመሰ ፀሐይ ይገባዋል። ወለሉ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከላይ የወደቀ፣ ከውጭ የገባ አፈር፣ አሸዋና አጥንት ተደራርቦበታል። በ1899 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንዝ ሲኮራ የተባለ ኦስትሪያዊ ናሙና ሰብሳቢ ይህን ወለል ቆፈረ። ያገኘውን አጥንት ወደ ቪየና ላከው። ከተላከው መካከል ገና ያልጠና የአንድ እንስሳ የራስ ቅል ነበረበት፦ ፊቱ አጭር፣ ጉንጩ ሰፊ፣ አገጩ ደግሞ ለዚያ ቁመት የማይገባ ወፍራም። ቅሉ ሙሉ አልነበረም፤ የተወሰነው ክፍሉ ተሰብሮ የት እንደቀረ የጠየቀ ሰውም የለም።

ከ104 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ በዴቪድ በርኒ የሚመራ ቡድን እዚያው ዋሻ ገባ። አፈሩን እየነፉ ሲያበጥሩ የአንድ እንስሳ አካል ክፍሎች ወጡ፤ ከእነሱም ጋር የራስ ቅል ስባሪዎች። አጥንቱን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ስባሪዎቹን አገላብጠው ሲያዩ አንድ ነገር ጠረጠሩ። የቪየናው ቅል ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ስባሪዎቹም ተነሡ፤ ሁለቱ በኮምፒውተር ላይ ተቀራረቡ። ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። ሲኮራ በ1899 ከዋሻው ይዞት የሄደውና እዚያው የረሳው የአንድ ወጣት እንስሳ ራስ ነበር። ውጤቱ በ2008 ታተመ። የአንጎሉ ሳጥን ሲለካ 115 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የቡና ስኒ ተኩል ብንል ብዙም አንርቅም።

ቅሉ ተጠገነ። የባለቅሉ ማንነት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አከራክሯል፤ ይህ ምዕራፍም በአብዛኛው የዚያ ክርክር ታሪክ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሃድሮፒቴከስ ስቴኖግናተስ ይባላል። ከግሪክኛ ሲፈታ «አገጨ ጠባቡ ደንዳና ዝንጀሮ» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት የቪየናው ሉድቪግ ሎረንዝ ፎን ሊቡርናው ነው፤ በዚያው በ1899። ስሙ ውስጥ ያለው «ዝንጀሮ» ግን ስሕተት ነው። ማዳጋስካር ውስጥ ዝንጀሮ ኖሮ አያውቅም።

ደሴቲቱ ከአፍሪካ የተለየችው የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከሕንድ የተቆረጠችው ደግሞ የዛሬ 88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ በዓለም ላይ ከመታየታቸው በፊት ባሕሩ ዙሪያዋን ከቧታል። በኋላ፣ ምናልባት በጎርፍ ተነቅሎ በተንሳፈፈ የዛፍ ክምር ላይ፣ የጦጣና የዝንጀሮ ሩቅ ዘመድ የሆነው የሌሙር ትናንሽ ቅድመ አያቶች ተሻገሩ። የሚቀናቀናቸው አልነበረምና እንዳሻቸው ተባዙ፣ ተለያዩ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ትንሿ ሌሙር 30 ግራም ትመዝናለች፤ ትልቁ ኢንድሪ አሥር ኪሎ አይሞላም። ሰው ደሴቲቱን ከመርገጡ በፊት ግን ሌሎች 17 የሚሆኑ ዝርያዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከኢንድሪ የሚበልጡ። አርኬኦኢንድሪስ የተባለው 160 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የወንድ ጎሪላ ሚዛን ማለት ነው። ሜጋላዳፒስ የሚባለው ራሱ እንደ ጥጃ ራስ የረዘመ፣ ክንዱ ከእግሩ የሚረዝም፣ ግንድ አቅፎ ቅጠል ሲግጥ የሚውል ፍጥረት ነበር። የኛው ሃድሮፒቴከስ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ መካከለኛ ነው፦ 35 ኪሎ ያህል፣ የወንድ ዝንጀሮ ሚዛን። የመረጥኩትም በግዙፍነቱ አይደለም። ከግዙፎቹ ሌሙሮች ሁሉ የሰውን ልጅ ደጋግሞ ያሳሳተው እሱ ነው፤ ከስሕተቶቹም ትልቁ በኛ አገር በኩል ያለፈ ነው።

መጀመሪያ በዝንጀሮነት ተጠረጠረ። ይህ የሎረንዝ ብቻ ጥፋት አልነበረም። ፎርሳይት ሜጀር የተባለ ሊቅ በ1896 የሃድሮፒቴከስን የቅርብ ዘመድ አጥንት አግኝቶ ኔሶፒቴከስ፣ «የደሴቱ ዝንጀሮ» ብሎት ነበር፤ ዘመዱ ዛሬ አርኬኦሌሙር ይባላል። ሰዎቹን አልፈርድባቸውም። የሌሙር ፊት ሹል ነው፤ ከቀበሮ ፊት ይቀራረባል። የታችኛው አገጩ ግራና ቀኝ መሐል ላይ በልም ሥጋ እንጂ በአጥንት አይገጥምም። የታች የፊት ጥርሶቹ ወደፊት ተኝተው ማበጠሪያ ይሆናሉ፤ ሌሙር ፀጉሩን የሚያበጥረው በጥርሱ ነው። ሃድሮፒቴከስ ግን ፊቱ አጭር፣ ዓይኖቹ ወደፊት የሚያዩ፣ አገጩ መሐል ላይ በአጥንት የተበየደ፣ ማበጠሪያውም የጠፋበት ነው። ምስጢሩን የሚያወጣው የጆሮው አካባቢ አጥንት ነው፤ በዚያ በኩል ሌሙርነቱን መደበቅ አይችልም። በ2008 ደግሞ ከአጥንት የወጣ ዘረመል ነገሩን ጨረሰው፦ እሱና አርኬኦሌሙር የኢንድሪና የሲፋካ ወገን ናቸው። ሲፋካ ማለት ያ ነጭ፣ ረጅም እግር፣ መሬት ላይ ሲወርድ እንደ እስክስታ ወራጅ ጎን ለጎን እየዘለለ የሚሄደው ሌሙር ነው።

ቀጥሎ ሯጭ ሆነ። በ1930ዎቹ ሻርል ላምበርተን ከሃድሮፒቴከስ ጋር ይሄዳሉ ያላቸውን ቀጠን ያሉ የኋላ እግር አጥንቶች ለዚህ እንስሳ ሰጠ። እንግዲህ ይህ በሜዳ ላይ የሚሮጥ ሌሙር ነው ተባለ። ለስድሳ ዓመት ያህል መጻሕፍቱ ይህንኑ አስተጋቡ። በ1990ዎቹ ሎሪ ጎድፍሬይና ባልደረቦቿ አጥንቶቹን አንድ በአንድ እንደገና ሲመረምሩ እግሮቹ የእሱ ሆነው አልተገኙም። የሌላ ሰው ጫማ ተጫምቶ ነበር የቆየው። የራሱ እጅና እግር አጠር ያለና ደንደን ያለ ነው፤ በአራት እግሩ መሬት ላይም ዛፍ ላይም የሚሄድ፣ መሮጥ ግን የማይሆንለት።

ሦስተኛው ስሕተት ነው ለኛ የሚቀርበው።

በ1970 ክሊፎርድ ጆሊ የተባለ የሥነ ሰብእ ሊቅ ስለ ሃድሮፒቴከስ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጆሊ የዝንጀሮ ጥርስ ሲያጠና የኖረ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘውን ጭላዳ። ሃሳቡ ይህ ነበር፦ የሃድሮፒቴከስ ፊት አጭር ነው፣ የጭላዳም ከሌላ ዝንጀሮ ሲነጻጸር አጠር ያለ ነው፤ የሃድሮፒቴከስ የፊት ጥርስ ትንሽ ነው፣ የጭላዳም እንዲሁ፤ የመንጋጋ ጥርሱ ግን ትልቅና ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ነው፣ የጭላዳም። ስለዚህ ይህ ሌሙር እንደ ጭላዳ መሬት ላይ ተቀምጦ የሣር ቅጠልና ፍሬ እየለቀመ የሚበላ ነበር።

ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ወይም በመንዝ ጓሳ ጠዋት ጭላዳ ሲበላ ያየ ሰው ሃሳቡ ለምን እንደጣመ ይገባዋል። ጭላዳ ሲበላ አይሄድም፤ ቁጢጥ ብሎ በቂጡ ይንፏቀቃል። ሁለቱ እጆቹ ሳያርፉ ይሠራሉ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነጫል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ። ጤፍ የምታርም ሴት እጅ ካልሆነ ይህን የሚመስል እጅ አላውቅም። መንጋጋው በበኩሉ ያለ ዕረፍት ይፈጫል። ከሰው በቀር አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንዲህ አጥብቀው የሚገናኙለት ከዝንጀሮ ወገን የለም ይባላል።

ጆሊ በዚያው ዓመት ከዚህ የሚበልጥ ዝና ያተረፈለትን ሌላ ጽሑፍ አወጣ። የሰው ዘር ቅድመ አያቶች ጥርስ ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከጭላዳ ፈለገ፦ ትናንሽ ደረቅ ነገሮችን፣ የሣር ፍሬን፣ እየለቀሙ ሲበሉ ኖረው ነው አለ። በዚህም የተነሣ ሃድሮፒቴከስ፣ የማዳጋስካር ሟች ሌሙር፣ የሰው ዘር ታሪክ ውስጥ ተዘፈቀ። ምክንያቱም የእሱን ራስ ቅል ከሁሉ በላይ የሚመስለው የጭላዳ እንኳ አይደለም፤ የፓራንትሮፐስ ነው።

ፓራንትሮፐስ ከሰው ዘር ሐረግ ተገንጥሎ የጠፋ ቅርንጫፍ ነው። ፊቱ ሰፊና ጎድጓዳ፣ መንጋጋ ጥርሱ እንደ ሳንቲም የሰፋ፣ የፊት ጥርሱ ያነሰ። ሜሪ ሊኪ በ1959 በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ገደል አንዱን ስታገኝ በመንጋጋው ብርታት «ለውዝ ሰባሪው ሰው» የሚል ቅጽል ወጣለት። የኛም አገር አለው። በ1967 በኦሞ ሸለቆ የዚሁ ወገን አገጭ ተገኝቷል፤ በ1993 ደግሞ በኮንሶ የ1.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል። እንግዲህ ሚሊዮን ዓመታትና አንድ ባሕር የሚለያያቸው ሁለት ፍጥረታት፣ አንዱ የሰው ዘመድ አንዱ ሌሙር፣ ተመሳሳይ ፊት ይዘው ሲገኙ ሊቃውንት የአንዱን ምግብ ካወቅን የሌላውን እንገምታለን ብለው ተስፋ ማድረጋቸው አይገርምም። የሃድሮፒቴከስ ሆድ ውስጥ ምን ገብቶ ነበር የሚለው ጥያቄ የሰው ዘር ጉዳይ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ጥርሱን በቅርበት እንየው። የመንጋጋ ጥርሱ ወለል ሲወጣ የተጨማደደ ነው፤ ነጩ ጠንካራው ቅርፊት፣ ኢናሜል የሚሉት፣ እየታጠፈ ይገባል ይወጣል። እንስሳው መብላት ከጀመረ ግን ጥርሱ በቶሎ ይፋቃል። ኢናሜሉ ከላይ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ለስለስ ያለው ክፍል ይጋለጣል፤ ለስላሳው ቀድሞ ስለሚጎደጉድ የኢናሜሉ ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ስለት ቆሞ ይቀራል። ባልትና ያላቸው እናቶቻችን የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እንዲፈጭ ይወቅሩታል። የሃድሮፒቴከስ ጥርስ ራሱን በራሱ የሚወቅር ወፍጮ ነው፤ ባለቀ ቁጥር ይፈጫል፣ በፈጨ ቁጥር ያልቃል። ከኋለኞቹ ጥርሶች ፊት ያሉትም ቅርጻቸውን ለውጠው መንጋጋ መስለዋል፤ ወፍጮው እንዲረዝም።

የጭላዳም ጥርስ በዚህ መንገድ ይሠራል። ልዩነቱ የሚወጣው በማይክሮስኮፕ ነው። ምግብ ጥርስ ላይ ሲታሽ ምልክት ይተዋል፦ ሣር ደቃቅ ጭረት፣ ደረቅና ጠንካራ ነገር ጉድጓድ። የሃድሮፒቴከስ ጥርስ ወለል የጭላዳን አይመስልም። ጉድጓድ የበዛበት ነው፤ ይልቁንም ጠንካራ ፍሬ ከሚሰብሩት የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ይቀርባል። የጭላዳ ወዳጆች ነጥብ ጣሉ።

እጁም ከዳቸው። ከ2003ቱ ቁፋሮ ከወጡት መካከል የመጀመሪያዎቹ የሃድሮፒቴከስ የእጅ አጥንቶች ነበሩበት። አውራ ጣቱ አጭር ነው። የጭላዳ ሥራ ሁሉ ያረፈው በአውራ ጣት ላይ ነውና በዚህ እጅ ሣር አንድ በአንድ መንጨት የሚታሰብ አይደለም። ባለቤቱ ምናልባት ቅርንጫፉን እንዳለ ጎትቶ ወደ አፉ ያመጣው ነበር እንጂ ለቀማ የሱ ሥራ አልነበረም።

ታዲያ ለውዝ ሰባሪ ነበር? ይህን የፈተኑት በ2011 ኤልዛቤት ዱሞንትና ባልደረቦቿ ናቸው። መሐንዲሶች ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ጫናው የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሰሉበትን ዘዴ ወስደው በኮምፒውተር የተገነባውን የራስ ቅል እንዲነክስ አደረጉት። ጎን ለጎንም ረዥም ፊት ያለውን ዘመዱን አርኬኦሌሙርን። ሁሉም የጠበቀው ያ ሰፊ ጉንጭ፣ ያ ፓራንትሮፐስ መሳይ ፊት ያሸንፋል ብሎ ነበር። ያሸነፈው አርኬኦሌሙር ነው። ትልልቅ ጠንካራ ፍሬ መፈልቀቅ የሚችለው እሱ ሆነ፤ ሃድሮፒቴከስ የተሻለው ደቃቅ ደረቅ ነገር ወይም እንደ ቅጠል ያለ፣ ተለጥጦ የማይበጠስ ነገር ሲፈጭ ነው። ስለ አርኬኦሌሙር ካነሣን፣ በሰሜን ምዕራብ ማዳጋስካር ባለ ዋሻ ውስጥ ከአጥንቱ ጋር ኩሱ ተገኝቷል፤ ሲመረመር የቀንድ አውጣና የትናንሽ እንስሳት ቅሪት ወጥቶበታል። ያገኘውን የሚበላ፣ ምግብ የማይመርጥ ነበር ማለት ነው። ሃድሮፒቴከስ ግን መራጭ ነበር፤ ምን እንደመረጠ የተናገረው ከጥርሱ ይልቅ አጥንቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ማሳችን ልውሰዳችሁ። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ምግብ የሚሠሩበት መንገድ ከገብስና ከስንዴ ይለያል። አየር ውስጥ ሁለት ዓይነት ካርቦን አለ፤ አንዱ ቀለል ያለ ብዙ፣ አንዱ ከበድ ያለ ጥቂት፣ ካርቦን 13 የሚሉት። ገብስ ከባዱን በብዛት ይተዋል፤ ጤፍ ያን ያህል አይመርጥም። ስለዚህ ዕድሜውን በጤፍ እንጀራ የኖረ ሰውና ዕድሜውን በገብስ ቂጣ የኖረ ሰው አጥንታቸው ቢመረመር ይለያል። የበላነው በአጥንታችን ተጽፎ ይቀራል፤ ከሞትን ከሺህ ዓመት በኋላም ይነበባል።

የማዳጋስካር ደቡብ ሌሙሮች አጥንት ሲነበብ አብዛኞቹ «የገብስ» ወገን ናቸው፤ የዛፍ ቅጠልና ፍሬ በዚያ ወገን ይመደባልና። ሃድሮፒቴከስ ግን ከሁሉም ተለይቶ ወደ «ጤፉ» ወገን ወጣ። መጀመሪያ ሲታይ ይህ ለጆሊ ድል ይመስላል፦ የቆላ ሣር በብዛት እንደ ጤፍ ነውና ሣር በላ ተገኘ! (በነገራችን ላይ የጭላዳ የራሱ ሣር፣ የሰሜን ተራሮችና የጓሳ ደጋ ሣር፣ ብርድ ስለሚወድ በብዛት እንደ ገብስ ነው። ሳይንስ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።) ነገር ግን ከጤፍና ከቆላ ሣር በቀር ያንኑ ምልክት አጥንት ላይ የሚተው ሦስተኛ ወገን አለ። እሬት አለበት፣ በለስ አለበት። እነዚህ በረሃ የለመዱ ተክሎች በቀን ትንፋሻቸውን ውጠው ውኃቸውን ይቆጥባሉ፤ የሚተነፍሱት ሌሊት ነው።

ደቡባዊው ማዳጋስካር ደግሞ የዚህ ወገን ተክል አገር ነው። የእሾህ ጫካ ይሉታል። በለስ ዛሬ እዚያ ሞልቷል፤ እሱ ግን ሃድሮፒቴከስ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ከአሜሪካ ያመጣው ነው። የአገሩ ነባር አሉዋውዲያ የሚባለው ነው፦ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣ ግንድ፣ ከአሥር ሜትር የሚበልጥ፣ ሙሉ አካሉ ላይ እሾህ በመስመር የተደረደረበት፤ ቅጠሉ ደግሞ የሳንቲም ያህል፣ በእሾሁና በእሾሁ መካከል ግንዱ ላይ የተለጠፈ። ብሩክ ክራውሊና ሎሪ ጎድፍሬይ የካርቦኑን ምልክት ከናይትሮጅን ምልክት ጋር አገናዝበው የሃድሮፒቴከስ ገበታ ይህ ተክልና ዘመዶቹ ናቸው አሉ። እኔም በዚህ ነው የማምነው። የእጁ ማጠር፣ የጥርሱ ቶሎ ማለቅ፣ ያ ለደቃቅና ለማይበጠስ ነገር የተሠራ መንጋጋ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚስማሙት በዚህ መልስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቀኑን እናስበው። ቀን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የዓይኑ ጉድጓድ ከራስ ቅሉ ጋር ሲመዘን ትንሽ ነው፣ ሌሊት የሚወጡት ሌሙሮች ግን ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ የእሾህ ጫካውን ስታሞቅ ደንዳናው እንስሳ ከዛፍ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አይዘልም፤ ዘመዱ ሲፋካ ከግንድ ግንድ በአየር ሲወረወር እሱ ከሥር በአራት እግሩ ይሄዳል። ከአንዱ ግንድ ሥር ደርሶ ቅጠል መሸራረፍ ይጀምራል። ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ ያለው ነው፤ ምግቡ ግን ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ብዙ መብላት አለበት፤ ብዙ ለመብላት ብዙ መፍጨት። ቀኑ በማኘክ ያልቃል። ዝናብ የሚባል ነገር ለወራት በማይታይበት አገር ውኃውንም ከቅጠሉ ሳያገኝ አይቀርም። አጠገቡ የዝሆን ወፍ ታልፋለች፣ በራሪ ያልሆነች፣ ከሰው ቁመት የምትበልጥ፤ ግዙፍ ኤሊዎችም እዚያው ይግጣሉ።

ልጁ ቀስ ብሎ ያድጋል። ጥርስ ሲሠራ በየቀኑ መስመር ይተዋል፤ የዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት እንደሚይዘው። መስመሩ ሲቆጠር የሃድሮፒቴከስ መንጋጋ ለመሠራት ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር። የሲፋካ ግልገል በጥቂት ወራት ጥርሱን አብቅሎ ቅጠል ይጀምራል፤ የሃድሮፒቴከስ ልጅ ግን ቶሎ አይደርስም። አንጎሉም ከሌሎቹ ግዙፍ ሌሙሮች ጋር ሲተያይ ተለቅ ያለ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አልፎ አልፎ የሚወልድ፣ መሬት ላይ የሚውል፣ መሮጥ የማይችል። ይህን ዝርዝር አዳኝ ቢሰማ ምን እንደሚል አስቡት።

ሰው መጣ። መቼ እንደመጣ እስካሁን ክርክር አለ፤ አጥንት ላይ የተገኘ የቢላ ጭረት ያስነሣው ክርክር ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል። የለወጠው ነገር ግን ሐይቅ ግርጌ ካለው ጭቃ ይነበባል። በአብዛኛው በትላልቅ እንስሳት ፋንድያ ላይ የሚበቅል የሻጋታ ዘር አለ፤ የዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ ከጭቃው ላይ በድንገት ይመናመናል። ፋንድያ የሚጥለው ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ተከትሎ ከሰል ይበዛል፤ የማይበላው ሣርና ቁጥቋጦ ተከምሮ እሳት ሆነ። ከዚያ ደግሞ ከብት መጣ። ማላጋሲዎች ከብትን ኦምቢ ይሉታል፤ ቃሉ ከስዋሂሊው ንጎምቤ የመጣ ነው፤ ከብቱም እንደ ቃሉ ከአፍሪካ ተሻግሮ ነው የገባው። ግጦሹ፣ እሳቱ፣ አደኑ ተደራረበ። የአየር ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ እነዚህ እንስሳት ከዚያ በፊት የመጣውን ድርቅ ሁሉ ችለው አልፈዋል፤ አዲስ የመጣው ሰው ነበር። በዕድሜ ምርመራ ከታወቁት የሃድሮፒቴከስ አጥንቶች የመጨረሻው በ444 እና በ772 መካከል የኖረ ነው። በኛ አገር አክሱም ገና መንግሥት ነበረች።

አንድ ጉዳይ ልጨምር። በ1995 ዴቪድ በርኒና ማላጋሲያዊው የሥራ ባልደረባው ራሚሊሶኒና በምዕራቡ ዳርቻ ባለች ቤሎ ሱር ሜር የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሽማግሌዎችን ስለ እንስሳት ጠየቁ። ሰዎቹ ኪዶኪ ስለሚባል ፍጥረት አወሩ። ሲፋካ ይመስላል፣ ግን ይበልጣል፤ ፀጉሩ ጠቆር ያለ፣ ግንባሩና ከአፉ በታች ነጭ ነጥብ ያለው፤ ፊቱ ክብ፣ የሰው ፊት የሚመስል። ሲደነግጥ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ይሸሻል፤ የሚሸሸውም እንደ ሲፋካ ጎን ለጎን ሳይሆን ወደፊት፣ አጭር አጭር እየዘለለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች የገለጻው ዝርዝር ከሃድሮፒቴከስና ከአርኬኦሌሙር ወገን ጋር መቀራረቡን ጻፉ። እኔ ኪዶኪ ዛሬም ጫካ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል አልልም። ነገር ግን አንድ ዓሣ አጥማጅ የሲፋካን አዘላለል ከሌላ እንስሳ አዘላለል ለይቶ ሲናገር፣ ያ ልዩነት ከአባቶቹ ዓይን ተላልፎ የመጣ ይመስለኛል።

የእሾህ ጫካው አልጠፋም፤ እያነሰ ቢሄድም አለ። አሉዋውዲያ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሾሁም በመስመሩ ነው። ክራውሊና ጎድፍሬይ እሾሁን አይተው የጠየቁት ጥያቄ ነበር፦ ይህ ሁሉ እሾህ ለማን ነው? ዛሬ ቅጠሉን የሚበሉት ሲፋካና ሌሎች ትናንሽ ሌሙሮች ናቸው፤ ለእነሱ እሾሁ እምብዛም አይደለም። በቀጭን ጣታቸው በመስመሩ መካከል ገብተው ቅጠሉን ያወጣሉ። ሲፋካ ከአንዱ እሾሃማ ግንድ ተወርውሮ ሌላውን እሾሃማ ግንድ ያቅፋል፤ መዳፉም አይደማም። እሾሁ የተሠራው ለሰፊ አፍና ለደንዳና እጅ ነው፤ 35 ኪሎ ሆኖ ከሥር ቀስ ብሎ ለሚመጣ። ዛፉ ያን እንግዳ እየጠበቀ በየዓመቱ አዲስ እሾህ ያበቅላል።